ዘጠኙ ምሰሶና የአጎት ፓን ዘንዶ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አግዳሚው ያልበቃው ደረጃው ላይ ይቀመጥ፤ ድንጋዩ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ሞቅ ብሏል። የማወራችሁ ሥራ ስለምትመራ አንዲት ልጅ ነው። የምትሠራው ነገር በእጅ አይዳሰስም፣ ሰው በስልኩና በኮምፒውተሩ የሚከፍተው መተግበሪያ ነው። ግን አትስጉ፤ አንዴ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ልጅቱ ካንግ ሩዪን ትባላለች። ታይናን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው ፎቅ ላይ፣ አራት ሰው ብቻ ባለበት መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ሰባት ዓመት ሌላ ሰው ያቀደውን ስትሠራ ኖራ፣ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰጣት። ዕቅዱን የምታወጣው፣ ቀኑን የምትቆጥረው፣ ለደንበኛው መልስ የምትሰጠው እሷ ሆነች።

ደንበኛው የሠፈሩ ቤተ መቅደስ ነበር፤ ሠፈሩን የሚጠብቁት አምላክ፣ ዋንግዬ፣ የሚቀመጡበት። ሰዉ በየዓመቱ ለሚመጣው ዓመት ደኅንነት በየስሙ አንዲት ትንሽ መብራት ያስበራል። ስሙ፣ የልደት ቀኑና አድራሻው ይጻፋል፤ መብራቷም ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት አራት ሺህ መብራቶች መካከል ቦታዋን ትይዛለች። ይህን ሁሉ በብዕር የሚጽፉት አክስት ግዊ ነበሩ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ። ሰልፉ ከበሩ ይነሣና የአኩሪ አተር ወተት ሻጩን አልፎ ድልድዩ ድረስ ይሄዳል። የአክስት ግዊ ዓይን ደከመ፤ የሠፈሩ ልጆችም ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ታይፔ ሄደው ቀሩ። ስለዚህ ኮሚቴው «ሰው ካለበት ሆኖ በስልኩ መብራቱን ያስመዝግብ» ብሎ ወሰነ።

ሩዪን ኮሚቴውን አነጋግራ፣ አንድ ሳምንት አክስት ግዊ አጠገብ ተቀምጣ መዝገቡን ስታይ ቆይታ፣ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ጻፈች። ዘጠኝ ሆኑ። ስም መመዝገቢያ፤ ቤተሰብን ባንድ ጊዜ ማስገቢያ፤ የልደት ቀንን ከጨረቃ ወደ ፀሐይ አቆጣጠር መመለሻ፤ መብራቷ የት እንዳለች ማሳያ፤ እያለ ይሄዳል። ዘጠኝ ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፋ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው፤ ከየወረቀቱ ሥር ስንት ቀን እንደሚፈጅ በእርሳስ ጻፈች። ደስ የሚል ግድግዳ ነበር።

የሚከፈትበትን ቀን ግን እሷ አልቆረጠችም። በዚያ ቤት ቀን የሚቆርጡት ዋንግዬ ናቸው። የኮሚቴው ሊቀመንበር አጎት ቱ ተንበርክከው ሁለቱን ቀይ እንጨቶች ጣሉ። እንጨቶቹ ግማሽ ጨረቃ መስለው የተጠረቡ፣ አንድ ወገናቸው ዝርግ፣ ሌላው ጎባጣ ነው። አንዱ ዝርጉን፣ ሌላው ጎባጣውን ወደ ላይ አድርጎ ሲወድቅ «እሺ» ነው። ሁለቱም ጎባጣ ከሆኑ «አይሆንም»፤ ሁለቱም ዝርግ ከሆኑ ደግሞ ዋንግዬ እየሳቁ ነው። ትልቅ ጉዳይ ሲሆን በተከታታይ ሦስት «እሺ» ያስፈልጋል። አጎት ቱ የአሥረኛውን የጨረቃ ወር አሥራ አምስተኛ ቀን ጠየቁ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

«እንግዲህ ቃል ገብቻለሁ» አሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ። «ቀኑ ካለፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር ለቅቄ፣ በሠፈሩ ሰው ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሩዪን ፊታቸውን አየች። ቀልድ አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን የቀረውን በየጧቱ ትቆጥር ነበር።

ችግሩ የመጣው በየማክሰኞው ነው። አክስት ግዊን ጨምሮ አሥራ አንዱ የኮሚቴ አባላት ማክሰኞ ከሰዓት በቤተ መቅደሱ ጎን ባለው ክፍል ሻይ እየጠጡ፣ የሐብሐብ ፍሬ እየፈለፈሉ ሥራው የት እንደደረሰ ይጠይቃሉ። ጠይቀው ሲጨርሱ ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ልጄ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። የዕለቱን የአየር ሁኔታ ቢያሳይስ?» አሉ ፀጉር አስተካካዩ አጎት ኪዩ።

በሌላው ማክሰኞ ሌላ አባል የቤተ መቅደሱ ደወል ድምፅ እንዲሰማ ፈለጉ። በሌላው ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱበት ነገር። ዓሣ ሻጩ አጎት ፓን የፈለጉት አንድ ሰው መብራቱን ባስመዘገበ ቁጥር ወርቃማ ዘንዶ ስልኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንዲበር ነው።

ሩዪን ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ «ችግር የለም፣ አጎቴ።» ያስተማራት አለቃዋ ዌንግ ነው። ዌንግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌሎቹን ሦስት ሥራዎች ይዞ ሲሯሯጥ የሚውል ሰው ነው። «ለደንበኛ ‹ይቸግራል› አይባልም» ይላል። «ችግሩን እኛ ቤት እንፈታዋለን።» የሚፈታው ግን ሩዪንና ቦያን ናቸው። ቦያን ሩዪን ያቀደችውን በኮምፒውተር የሚጽፈው ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ምላሱም ከእጁ አያንስም።

«አለቃዬ፣ ስንት ደረሰ?» አላት አንድ ቀን፣ ግድግዳውን በአገጩ እያሳየ።

«ሃያ ሦስት።»

«በዘጠኝ አልነበር የጀመርነው? እኔ መብራት የምንሠራ መስሎኝ፤ ለካ ከተማ ነው የምንቆረቁረው። ከንቲባው ማን ነው?»

«አንተ ዝም ብለህ ሥራ።»

«እሠራለሁ። ግን ሚስቴ በሚመጣው ወር ትወልዳለች። ሕፃኑ ሲያድግ ‹አባቴ የት ነበር?› ካለ ‹ዘንዶ ሲያበርር ነበር› በይው።»

ሩዪን ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ቢጫ ወረቀቶቹን ትክ ብላ ስታይ አንድ ነገር ገረማት። እንዲህ ያለ ነገር ሲገርማት መተኛት የማትችል ሰው ናት። ማንም የኮሚቴ አባል ነገሩን ካስጻፈ በኋላ ሁለተኛ ጠይቆት አያውቅም። ዳቦ ያዘዘ ሰው እኮ ዳቦው ደረሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሰዎች አዘዙ እንጂ አልጠበቁም። ታዲያ ምንድን ነው የፈለጉት?

በማግሥቱ ሳያስፈልጋት ፀጉሯን ልትቆረጥ አጎት ኪዩ ዘንድ ሄደች።

«አጎቴ፣ ያ የአየር ሁኔታ ምን እንዲያደርግልዎት ነው?»

«የቱ የአየር ሁኔታ?» አሉ መቀሱን አንሥተው።

«እርስዎ ያስጻፉት። ከመብራቱ ጋር።»

«አዎ፣ አዎ። የኔ ነው እሱ።» መቀሱ ቆመ። «አልጠፋም አይደል?»

«አልጠፋም፣ አለ።»

«ጥሩ» አሉና መቁረጣቸውን ቀጠሉ።  ሩዪን በመስተዋቱ ውስጥ ደስ ያለውን ፊታቸውን እያየች ነገሩ የባሰ ግራ ገባት።

ግማሽ ፀጉሯ ካሰበችው በላይ አጥሮ ወጣችና ቀጥ ብላ ወደ ቤተ መቅደሱ ሄደች። አክስት ግዊ ወንበር ላይ ቆመው የመብራቶቹን መስታወት ይወለውላሉ።

«ማን ነው እንዲህ የላጨሽ? ኪዩ ነው?» አሉ ሳይዞሩ፣ ጥላዋን ብቻ አይተው። «ሲያስብ መቀሱ ይረዝማል። ያንን ውኃ አቀብይኝ።»

ሩዪን ውኃውን አቀበለቻቸው፤ ከዚያም ጥያቄዋን ጠየቀች። አክስት ግዊ መወልወያውን አስቀመጡ። ከወንበሩ ወርደው እጇን ያዙና በር ላይ ወዳለው የድንጋይ ምሰሶ ወሰዷት።

«አንብቢ፣ እኔ አይታየኝም።»

ምሰሶው ሥር ስም ተቀርጿል፤ ሰጪው የአንድ ቤተሰብ አባት፣ ዓመቱም ከነወሩ። ሌላው ምሰሶም እንደዚያው። የድንጋዩ አንበሳ ሥር የአጎት ፓን አያት ስም፤ የበሩ ደፍ ላይ፣ ጣሪያውን በያዘው ግንድ ላይ፣ ውኃ መውረጃው ላይ እንኳ ስም አለ። ሩዪን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታልፋቸው ድንጋዮች ናቸው፤ ለማንበብ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም ነበር።

«የፓን አያት ይህን አንበሳ ሲሰጡ» አሉ አክስት ግዊ፣ «አንበሳው ምን ይሠራል ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቤቱ ሲሠራ እጃቸው የሌለበት ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ያንቺ ነገር እኮ አዲስ ቤት ነው። የእያንዳንዳቸው እጅ ይኑርበት እንጂ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ ኪዩን ምን ቸገረው? ሲዘንብ ባርኔጣ ያደርጋል።»

ሩዪን የተቀረጸውን ስም በጣቷ ዳሰሰች።

«አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ» አሉ አክስት ግዊ። «ያንን የመባ ጠረጴዛ አንድ ስንዝር ለማንቀሳቀስ ዋንግዬን እንጠይቃለን። ያንቺ ቤት ግን በየማክሰኞው ሲሰፋ ማን ጠይቆ ነው?»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሩዪን ዘጠኝ ቀይ ወረቀት ይዛ ሻይ ክፍሉ ገባች። በየወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጽፏል፤ ከሥሩ ለስም የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። 

«አጎቶቼ፣ አክስቴ» አለች፣ «ይህ ቤት የሚቆመው በዘጠኝ ምሰሶ ነው። እስካሁን ባለቤት የላቸውም። ምሰሶ የወሰደ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ሰባራ እንደሆነ ይሞክረዋል፣ የተሰበረውን ይነግረኛል፤ በሚከፈትበትም ቀን ስለዚያ ምሰሶ ለሚጠይቅ ሰው የሚመልሰው እሱ ነው። ስሙ መተግበሪያው ላይ ይጻፋል። ምሰሶ የወሰደ ግን ከዚህ በፊት ያስጻፈውን ይተውልኛል።»

ወረቀቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ከዚያ አጎት ኪዩ እጃቸውን ዘርግተው የልደት ቀን መመለሻውን አነሡ።

«የአየር ሁኔታው ይቅርብኝ። እናቴ የተወለደችበትን ቀን በፀሐይ አቆጣጠር ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም፣ ይህ ለኔ ነው የተሠራው።»

«አንተ ኪዩ፣ እኔ ዓይኔን ጥዬበት ነበር» አሉ ሌላው።

«ዓይንህን ጣልክ፣ እኔ እጄን ጣልኩ።»

ከዚያ በኋላ ሽሚያ ሆነ። አንዱን ምሰሶ ሁለት ወንድማማቾች ተካፈሉት፤ እንደ ልማዳቸው ተጨቃጭቀው ነው። አጎት ቱም ሻያቸውን አስቀመጡና «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ነገር መጨመር የፈለገ እንደ ጠረጴዛው ዋንግዬን ይጠይቅ» አሉ። ዘጠኙም ወረቀት ስም ያዘ። አጎት ፓን ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ።

«እኔ ምሰሶ አልፈልግም። እኔ ዘንዶ ነው የሰጠሁት።»

«እንግዲያው ጠይቃ» አሉ ሊቀመንበሩ።

ሁሉም ሊቀመንበሩን ተከትለው ዋንግዬ ፊት ወጡ። አጎት ፓን ተንበረከኩ፤ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ እንጨቶቹን ጣሉ። እሺ። እንደገና እሺ። ሦስተኛውን ሲጥሉ አንዱ እንጨት ተንከባሎ ሩዪን ጫማ ሥር ደርሶ ቆመ። ጎንበስ ብላ አየችው።

እሺ።

አጎት ፓን ቀና ብለው ሰዉን በአሸናፊ ፊት ዞር ዞር ብለው አዩ።  ሠላሳ አራት የሥራ ቀን ነው የቀራት። ዘንዶው ከገባ ቀኑ ያልፋል፤ ቀኑ ካለፈ እኚህ ሽማግሌ ሊቀመንበር በሰው ፊት ሊንበረከኩ ነው። አሁንም አፏ ላይ የመጣው «ችግር የለም» ነበር።

«እኔ መጠየቅ እችላለሁ?» አለች በምትኩ።

አክስት ግዊ እንጨቶቹን ሰጧትና እንዴት እንደሚያዝ አሳዩዋት። ተንበርክካ በልቧ ጠየቀች፤ ዘንዶው በኋላ ቢመጣስ? ጣለች። ሁለቱም ዝርግ፤ ዋንግዬ ሳቁ። ደግማ ጣለች። አሁንም ሳቁ።

«አልገባቸውም» አሉ አክስት ግዊ ከኋላዋ። «ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?»

«በኋላ ቢሆንስ ብዬ።»

«ከምን በኋላ? ለምን በኋላ? ልጄ፣ ለሐኪም ግማሽ በሽታሽን ደብቀሽ ነው መድኃኒት የምትለምኚው? ጉዳዩን ዘርዝሪላቸው። ድምፅሽን አሰሚ፣ ደግሞ አርጅተዋል።»

ሩዪን ዓይኖቿን ጨፍና ጀመረች።

«ካንግ ሩዪን ነኝ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ የምሠራ። እስከ ቀንዎ ሠላሳ አራት የሥራ ቀን አለኝ። ዘጠኙ ምሰሶ ገና ሃያ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ከዚያ ስምንት ቀን ሰው እየነካካ የሚሞክርበት ነው። አራት ቀን ይተርፈኛል፤ ግን የሚጽፍልኝ ልጅ ሚስቱ በወሩ ውስጥ ትወልዳለች፣ አራቱ ቀን የሱ ነው። ዘንዶው ስምንት ቀን ይፈጃል። ስምንት ቀን ላመጣ የምችለው የመሞከሪያውን ቀን በልቼ ነው። ያኔ በቀንዎ የምከፍተው ያልተሞከረ ቤት ይሆናል፤ ይቆም ይውደቅ እኔም አላውቅም።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ወረደ። «ለኮሚቴው አሥራ አራት ጊዜ ‹ችግር የለም› ብያለሁ። አሥራ አራቱንም ጊዜ ችግር ነበረ።»

እንጨቶቹን ልትጥል እጇን ስታነሣ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሻካራ እጅ ክንዷን ያዛት። አጎት ፓን ናቸው።

«ቆይ። አትጣይ።» አጠገቧ ተንበረከኩ። «ይህን ሁሉ ለኛ ሳትነግሪ ለዋንግዬ የምትነግሪው ለምንድን ነው?»

«ደንበኛ ነዎት፣ አጎቴ። ለደንበኛ አይባልም ተብዬ...»

«እኔ አርባ ዓመት ዓሣ ጭኛለሁ። መኪናዬ አሥር ሣጥን ይይዛል። አሥራ አንደኛውን አምጥቶ የሚያቀብለኝ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ አሥር ብቻ እንደሚይዝ ያልነገርኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛ። ያንቺ መኪና ስንት እንደሚይዝ መቼ ነገርሽን?»

ሩዪን እንጨቶቹን ዝቅ አደረገች።

«ለነገሩ» አሉ ሊቀመንበሩ ከኋላ ቀስ ብለው፣ «እኛም አልጠየቅናትም።»

አጎት ፓን እንጨቶቹን ከእጇ ወሰዱ። «ዋንግዬ፣ ዘንዶዬ ለአዲሱ ዓመት ቢደርስ?» ጣሉ፤ አይሆንም። «የልጅቱ ረዳት አራስ ቤት ይሆናል፣ ልክ ነዎት። ከልደትዎ በኋላ፣ በአምስተኛው ጨረቃስ?» እሺ። እሺ። እሺ። ተነሥተው ጉልበታቸውን አሹና «ዘንዶ ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል» አሉ። ከዚያ ወደ አክስት ግዊ ዘወር ብለው «አንቺ የስም መመዝገቢያውን ብቻሽን ነው የያዝሽው? ዓይንሽ አያይም። እኔ አነብልሻለሁ» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞዎቹ ሌላ መልክ ያዙ። ሩዪን ሻይ ሳትቀምስ በፊት ሦስት ቁጥር ታነባለች፤ የቀረውን ቀን፣ የቀረውን ሥራ፣ የተረፈውን ቀን። ዌንግ ሰምቶ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ጠቆረ፤ አንድ ማክሰኞ አብሯት መጥቶ ሽማግሌዎቹ ቁጥሩን ሲቀበሉ ካየ በኋላ ግን ፊቱ ተፈታ። የቦያን ልጅ ዘጠኝ ቀን ቀድማ መጣች፣ የተረፉትን አራት ቀኖችም ይዛቸው ሄደች። ማክሰኞ ዕለት ሩዪን «የተረፈ ቀን፣ ዜሮ» ብላ ስታነብ አሥራ አንዱም ሽማግሌዎች የሕፃኗ ስም ማን ተባለ ብለው ጠየቁ።

ከዚያ የሙከራው ስምንት ቀን ጀመረ። በሁለተኛው ቀን አጎት ኪዩ እያለከለኩ ፎቁን ወጡ፤ የፀጉር መቁረጫ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም።

«እናቴን አልቀበልም አለኝ!»

እናታቸው ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት አምስተኛው ጨረቃ በዓመቱ ሁለት ጊዜ በመጣበት ዘመን፣ በሁለተኛው አምስተኛ ወር ነው። የጨረቃ አቆጣጠር አንዳንዴ ወር ይደግማል፤ አክስት ግዊ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባቸው ከስሙ ጎን ትንሽ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት እጃቸው የለመደውን ነገር ለሩዪን መንገር ትዝ አላላቸውም፤ ሩዪንም መጠየቅ አላወቀችም። ቦያን መዝገቡን ሲያገላብጥ በተደገመ ወር የተወለደ ሰው በየገጹ ሁለት ሦስት እየሆነ ተገኘ፤ አብዛኞቹም ልጆቻቸው ታይፔ ያሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው።

«ይህ በአሥራ አምስተኛው ቀን ቢሆን ኖሮ» አለ ቦያን፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑን እያሸ፣ «የስንቱ እናት ‹አልተወለዱም› ትባል ነበር።» አልቀለደም፣ ወይም ግማሹን ብቻ ነው የቀለደው። ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጀበት። አጎት ኪዩ ሦስቱንም ቀን የሩዝ ገንፎ ከዓሣ ጋር እያመጡለት አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁ፤ በየሰዓቱም የእናታቸውን ስም አስገብተው ይሞክራሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስሙ ገባ። አጎት ኪዩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ድምፅ እንደሚጠብቁ ሁሉ ቆሙ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ጧት ሁለት ሰዓት ላይ መተግበሪያው ተከፈተ። ደረጃው ላይ ሰልፍ አልነበረም፤ የሐብሐብ ፍሬ የያዙ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተደርድረዋል። ስልኩ ይጠራል፣ «የቤተሰብ ማስገቢያ? እሱ የኔ ነው፣ ንገሪኝ ልጄ» ይላሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንዱን ጠሪ እየተነጣጠቁ ይመልሱለታል። አጎት ፓን ስም ያነብባሉ፤ አክስት ግዊ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሱ የሊያንግ ሁለተኛ ልጅ ነው፣ አድራሻው ተቀይሯል፣ ደውልለት» ይላሉ።

ሩዪን ከምሰሶው ሥር ቆማ የተመዘገቡት መብራቶች ቁጥር ሲጨምር ታይ ነበር። ቀትር ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰ። አጎት ቱ ከክፍሉ ወጥተው ዋንግዬ ፊት ሄዱ።  ሊቀመንበሩ ግን አልተንበረከኩም፤ ቆመው እጃቸውን አጋጥመው ሦስት ጊዜ ጎንበስ አሉና ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ሩዪን ልጄ» አሉ፣ «አሁን ሻይ ጠጪ። የምትቆጥሪው ቀን አልቋል።»

ይኸው ነው፣ ልጆቼ። አደራ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ። አንድ ቀን ሥራ ይዛችሁ ሰው ከላይ ከላይ ሲጭንባችሁ፣ ስንት ቀን እንደቀራችሁና መኪናችሁ ስንት ሣጥን እንደሚይዝ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ንገሩት። ሰው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የነገረው የለም።